ከኢስቴት ሴል የተገዛ የድሮ መኪና ሞዴል ካርቶን፦ የቱ ይከፈት፣ የቱ ይቀመጥ?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ወንድማችን ሰፈሩ ውስጥ አንድ አዛውንት አርፈው ልጆቻቸው የቤቱን ዕቃ ሲሸጡ አንድ ካርቶን ሙሉ የአሜሪካ መኪና ሞዴል (ተገጣጥሞ የሚቀባ ትንሽ የፕላስቲክ መኪና) በ60 ዶላር ገዛ፣ 9 ሳጥን። "የ11 ዓመት ልጄ ዛሬውኑ ከፍተን እንገጣጥም ይላል፣ ሚስቴ ሽጠው ትላለች፣ እኔ ግራ ገብቶኛል፣ ጋሼ ምን ላድርግ?" ነው የሚለው። ፎቶው ላይ በደንብ የሚታዩት ሦስት ናቸው (ኤ.ኤም.ቲ እና ጆሃን የሞዴሎቹ አምራቾች ናቸው)፦ ላስቲኩ ያልተቀደደ የኤ.ኤም.ቲ ሼቭሮሌት 1957፣ የተከፈተ ግን ያልተነካ የጆሃን ካዲላክ 1966፣ እና ድሮ ተገጣጥሞ በብሩሽ ቀይ የተለቀለቀ የኤ.ኤም.ቲ ፖንቲያክ ቦነቪል 1962።

እሺ ወንድሜ፣ መሸጡንም መሥራቱንም ለጊዜው ተወውና ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርግልኝ። ከታሸገው በቀር ሳጥኖቹን ክፈትና ጎማዎቹን በሙሉ አውጥተህ ለብቻቸው ዚፕ ያለው ትንሽ ላስቲክ ውስጥ ክተታቸው። የድሮ ሞዴል ጎማ ለስላሳ ቪኒል ነው፣ እንዲለሰልስ የተጨመረበት ዘይት መሰል ኬሚካል አለ፣ ያ ነገር በዓመታት ቀስ እያለ ይወጣና አጠገቡ ያለውን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል። እኔ አንዴ ቁም ሳጥን ውስጥ ረስቼው ከቆየሁት ሳጥን ውስጥ ያወጣሁት የፊት መስታወት ላይ የጎማው ጥርስ ቁልጭ ብሎ ታትሞ ነበር፣ ሳሩ ላይ የሄደ መኪና ይመስላል። መስታወት ደግሞ ከሁሉም ክፉ ቦታ ነው ምክንያቱም አካል ቢቀልጥ በስቱኮ ትሞላዋለህ፣ መስታወት በምን ትሞላዋለህ? ፖንቲያኩ ላይ ጎማው ቸርኬው ላይ ከሆነ በግድ አትጎትት፣ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆይተህ እያሽከረከርክ አውጣው፣ እምቢ ካለህ ተወው፣ ቢያንስ ግን መኪናውን መደርደሪያው ላይ በጎማው አታቁመው፣ ሆዱ ስር የሆነ ነገር ደግፍለት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አንተ እንዳየኸው ውዱ ዕቃ የታሸገው ሼቭሮሌት ነው፣ ቆሻሻው ደግሞ ቀዩ ፖንቲያክ። እኔ ግን ብትጠይቀኝ ልጁ ሼቭሮሌቱን ይክፈት፣ ፖንቲያኩን ደግሞ እንዳትጥለው ነው የምልህ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ትንሽ ወደኋላ ልሂድ።

ኤ.ኤም.ቲ ማለት አሉሚኒየም ሞዴል ቶይስ ነው፣ በ1948 አካባቢ ሚሺጋን ውስጥ ዲትሮይት አጠገብ የተቋቋመ፣ ስሙ እንደሚለው የመጀመሪያ መኪናዎቹ አሉሚኒየም ነበሩ፣ በኋላ ነው ወደ ፕላስቲክ የዞረው። መጀመሪያ ላይ እነዚህ ለልጅ መጫወቻ ተብለው የተሠሩ አልነበሩም። ፎርድ፣ ጄኔራል ሞተርስ፣ ክራይስለር አዲሱን መኪና በየዓመቱ መከር ላይ ሲያወጡ ሻጮቹ ለደንበኛ የሚያሳዩት፣ ለደንበኛ ልጅ የሚሰጡት፣ በእውነተኛው መኪና ቀለም የተሠራ ትንሽ ሞዴል ነበር፣ ፕሮሞ ይሉታል። ሞዴሉ ከመኪናው ጋር እኩል እንዲወጣ ሲባል ፋብሪካው ንድፉን ቀደም ብሎ ይሰጣቸዋል፣ ለዚህ ነው የዚያ ዘመን ሞዴሎች ቅርጻቸው እንዲህ ልክክ ያለው። መጠናቸውም ከዚያው የመጣ ነው፣ 1 በ25፣ ማለት 5 ሜትር ተኩል የሚሆነው ያንተ ቦነቪል ጠረጴዛ ላይ 22 ሴንቲ ይሆናል። (ሞኖግራም የሚባለው የቺካጎው ኩባንያ ደግሞ 1 በ24 ነው ብዙውን የሚሠራው፣ ጎን ለጎን ብታቆማቸው ትንሽ ይበላለጣሉ፣ ይሄ ያናደዳቸው ሰብሳቢዎች አሉ፣ እኔ ግድ የለኝም።)

በ1958 ኤ.ኤም.ቲ አንድ ብልጠት አመጣ። ያንኑ የፕሮሞ ሞልድ (ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚፈስበትን ቅርጽ) ወሰደና ሳይገጣጠም ሳጥን ውስጥ ከተተው፣ ላዩ ላይ ደግሞ ሌላ ቸርኬ፣ ሌላ ግሪል፣ የእሽቅድምድም ዕቃ ምናምን ጨመረበት፣ ልጁ ከፈለገ እንደ ፋብሪካው፣ ከፈለገ አስውቦ፣ ከፈለገ ለሬስ አድርጎ ይሠራዋል። ስሪ ኢን ዋን አሉት፣ ሦስት በአንድ ማለት ነው። የአሜሪካ ልጅ አበደ። የኛ ልጅነት እንኳን ሽቦ ጠምዝዘን ቆርኪ ጎማ አድርገን ነው ያለፈው፣ ያም ቢሆን መሪ ነበረው፣ ይሄኛው የሌለው ነገር!

እንግዲህ ጨዋታው እዚህ ጋ ነው። ሞልዱ ብረት ነው፣ በጣም ውድ ነው፣ መኪናው ደግሞ በየዓመቱ ይቀየራል፣ ግሪሉ፣ የኋላ መብራቱ፣ የጎኑ መስመር። ስለዚህ በየዓመቱ ከዜሮ አዲስ ሞልድ ከመቅረጽ በተቻለ መጠን ያለፈውን ዓመት ሞልድ ይቆርጡታል፣ ይበይዱታል፣ የዘንድሮ መኪና ያደርጉታል። ጋቢ ፈትቶ ነጠላ እንደማድረግ በለው፣ ነጠላው ሲወጣ ጋቢው የለም። አኑዋል የሚባሉት ሞዴሎች እነዚህ ናቸው፣ ዓመታዊ ማለት ነው። ያንተ ፖንቲያክ 1962 ከዚህ ወገን ነው፣ በ1962 ለ1962 መኪና የተሠራ። ጆሃኑም እንደዚያው። የአኑዋል ሞልድ አንዴ ወደሚቀጥለው ዓመት ከተቆረጠ በኋላ ያ ሞዴል ድጋሚ እንዲታተም ከተፈለገ እንደ አዲስ መቅረጽ ነው፣ አሁን የኤ.ኤም.ቲ ስም በእጁ ያለው የኢንዲያናው ራውንድ ቱ የተወሰኑትን የድሮ ሞዴል እየለካ እንደገና ቀርጿቸዋል፣ ግን የተወሰኑትን ነው።

ሼቭሮሌት 1957ስ? እሱ ሌላ ነው። ኤ.ኤም.ቲ ሞልዱን የሠራው መኪናው ካለፈበት በኋላ፣ በ1960ዎቹ፣ ሰው ስለሚወደው ነው። መኪናው ዘንድሮ አይቀየር፣ ሞልዱም አይቆረጥ፣ እንግዲህ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በተለያየ ሳጥን ስንትና ስንት ጊዜ ሲታተም ኖሯል። ፎርድ 1932፣ ፎርድ 1940፣ እነዚህም እንደዚሁ ናቸው። ስለዚህ "ታሽጓል" ብለህ ብቻ ልብህ አይሙቅ። ደግሞ ላስቲክ ማሸጊያ ማሽን ማንም ገዝቶ ቤቱ ያስቀምጠዋል፣ መታሸጉ መቼም ላለመከፈቱ ማስረጃ አይሆንም።

የታሸገው መቼ እንደታተመ ሳጥኑን ሳትከፍት ታውቃለህ። ፎቶህ ላይ ጎኑ ላይ ባርኮድ አያለሁ። ባርኮድ ሱቅ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነበበው በ1974 ነው፣ አንድ ፓኬት ማስቲካ ላይ፣ ትሮይ በምትባል የኦሃዮ ከተማ (የኤ.ኤም.ቲ የድሮ አድራሻም ትሮይ ነበር ግን የሚሺጋኑ ትሮይ፣ እንዳትቀላቅላቸው)። ባርኮድ ያለው ሳጥን የ60ዎቹ ሊሆን አይችልም በቃ። ሳጥኑ ላይ የታተመው የኮፒራይት ዓመት ግን ሰውን ያሳስታል፣ ድሮ የተመዘገበውን ዓመት ይዘው ድጋሚ ያትሙታል፣ ሻንሲው ስር የተቀረጸውም እንዲሁ፣ ያ የሞልዱ ዕድሜ ነው እንጂ ያንተ ሳጥን ዕድሜ አይደለም። አድራሻውን እይ፦ ትሮይ ሚሺጋን ካለ ከ1978 በፊት ነው ብለህ ተነስ፣ በዚያ ዓመት ማችቦክስን የሚሠራው የእንግሊዙ ሌስኒ ገዛው። ዳየርስቪል አይዋ ካለ ኤርትል በ80ዎቹ መጀመሪያ ከወሰደው በኋላ ነው። አድራሻው ላይ ዚፕ ኮድ መኖር አለመኖሩንም እይ፣ አምስት አሃዙ ዚፕ ኮድ የመጣው በ1963 ነው። የሳጥኑ ቁጥር መጨረሻ ላይ ደግሞ ከሰረዝ ቀጥሎ 150 ወይም 200 የሚል ካየህ ደስ ይበልህ፣ የዚያን ጊዜ ዋጋው ነው፣ 1 ዶላር ከ50፣ 2 ዶላር። ፎቶው ላይ ያልታዩኝን 6ቱንም በዚሁ መንገድ ራስህ ትለያቸዋለህ፣ ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፣ ሞልዱ አለ ወይስ ተቆርጧል?

ካዲላኩን አትንካው። ጆሃን የዲትሮይት ኩባንያ ነበር፣ ከሁሉም በልጦ በልኩ ትክክለኛነት ስሙ የሚነሳ፣ ካዲላክ፣ ክራይስለር፣ ኦልድስሞቢል ላይ ነበር ጉልበቱ። ሲዘጋ ሞልዶቹ ከእጅ ወደ እጅ ዞረው ተበታተኑ። ስለዚህ ክፍሎቹ ሙሉ ከሆኑ ያልተገጣጠመ ጆሃን ካዲላክ በእጅህ ሲገባ ማስቲሽ አይነሳበትም። መመሪያ ወረቀቱን ዘርግተህ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ቁጠር፣ በተለይ ኒኬል የመሰሉትንና መስታወቱን። ወረቀቱንና ስቲከሩን (ዲካል ይሉታል፣ በውሃ የሚለጠፈው) በስካነር ጥራቱን 600 ዲፒአይ አድርገህ አንሳቸው፣ ጎማውን ለይተህ ሳጥኑን መልሰህ ዝጋው፣ ምድር ቤት ወይም ኮርኒስ ላይ ሳይሆን እናንተ የምትኖሩበት ክፍል አስቀምጠው። ባለቤትህ መሸጥ ካለች የሚሸጠው ይሄ ነው። ዋጋ ስትፈልግ ኢቤይ ላይ የተጠየቀውን አትይ፣ "የተሸጡ" የሚለውን ምረጥና በትክክል የተከፈለበትን እይ፣ መጠየቅማ ማንም የፈለገውን ይጠይቃል።

ሼቭሮሌቱን ልጁ ይክፈተው። መጀመሪያ ክፍሎቹን ከእንጨቱ ሳይለይ (እንጨት ያልኩት ክፍሎቹ ተያይዘው የሚመጡበትን የፕላስቲክ ዘንግ ነው) ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ሳሙና ይጠባቸው፣ ከሞልዱ እንዲላቀቅ የሚቀባ ቅባት አለው፣ ያ ካልታጠበ ቀለም አይዝም። ክፍሉን በእጅ ጠምዝዞ አይንቀል፣ በትንሽ ቆራጭ ይቁረጠው። መከላከያው ላይና የበሩ መስመር አካባቢ ፀጉር የምታህል ከፍ ያለች መስመር ታያለህ፣ ሞልዱ የሚገናኝበት ናት፣ በምላጩ ጀርባ ፋቅ ፋቅ አድርጎ ከዚያ በ600 የብርጭቆ ወረቀት በውሃ። ማስቲሹ ላይ ደግሞ ትንሽ ነው ምስጢሩ፣ በስቴኪኒ ጫፍ፣ ነጥብ። የቱቦው ማስቲሽ ሽታው አፍንጫ የሚያቃጥለው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? በ60ዎቹ መጨረሻ ልጆች እየሳቡት ስላስቸገሩ ቴስተርስ የሚባለው የማስቲሹ አምራች የሰናፍጭ ዘይት ጨመረበት። ለማንኛውም መስኮት ክፈቱ።

ቀለም ላይ ስሙኝ፣ እዚህ ጋ እንጀራዬ ነው። እኔ አዲስ አበባ ባትላሜራ ጋራዥ ውስጥ ስቱኮ እየፈቀፈቅኩ ያደግኩ፣ እዚህም ቀለም ቀቢ ሆኜ የምሠራ ሰው ነኝ፣ እና የመጀመሪያ ሞዴሌን በኩራት በእውነተኛ የመኪና ቀለም፣ ከሥራ ቦታ በተረፈችው፣ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚነፋውን መሠረት) ሳላደርግ ነፋሁበት። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ኮፈኑ እንደደረቀ የወንዝ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። የመኪና ቀለም ቲነሩ ጠንካራ ነው፣ ፕላስቲኩን ይበላዋል። ላሜራ አይደለማ! ስለዚህ ለሞዴል ተብሎ የተሠራ ፕራይመር፣ ታሚያ ወይም ሚስተር ሰርፌሰር፣ በስሱ ሦስት ጊዜ፣ እየደረቀ፣ ከዚያ የፈለጋችሁትን ቀለም። መጀመሪያ ግን ማንኪያ ላይ ሞክሩት፣ የፕላስቲክ ማንኪያ። የመስኮቱን ዙሪያ ብር መስመር በብሩሽ አትሞክረው፣ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ቤር ሜታል ፎይል የሚባል በጣም ስስ የሚለጠፍ ፎይል አለ፣ ለጥፈህ በስቴኪኒ ጀርባ አሽተኸው በአዲስ ምላጭ ዙሪያውን ትቆርጠዋለህ። አዲስ ምላጭ ያልኩት ለይስሙላ አይደለም፣ በዶለዶመ ምላጭ ፎይሉ ይቀደድና ትናደዳለህ።

አሁን ወደ ፖንቲያኩ። እንደዚህ በማስቲሽ የተጨማለቀውን አሜሪካኖቹ ግሉ ቦምብ ይሉታል። የሆነ የ10 ዓመት ልጅ በ1962 እንደዚህ አድርጎታል፣ ምናልባትም ያረፉት አዛውንት ራሳቸው። ለኔ ከካርቶኑ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፣ ያልተገጣጠመ ቢሆን ኖሮ ለመንካት እጅህ ይፈራል፣ የተበላሸ ስለሆነ ግን ነፃ ነህ፣ ከዚህ በላይ አታበላሸው። በዚያ ላይ ሳጥኑም አብሮ አለ።

መጀመሪያ በላስቲክ ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው። የድሮ ማስቲሽ ሲቀዘቅዝ ይሰባበራል፣ ጠዋት ስታወጣው ባምፐሩን፣ ወንበሩን በቀስታ በስስ ቢላ ጫፍ ስትነካው ጠቅ ብሎ የሚለቅህ አለ። ሁሉም አይለቅም፣ የማይለቀውን ነገ ድገመው። ሻንሲውን የያዘው ማስቲሽ ሳይሆን ብሎን ሊሆን ይችላል፣ የፕሮሞ ዘር ስለሆነ፣ ስለዚህ ከመታገልህ በፊት ገልብጠህ እይ። ከዚያ ቀለሙን ለማስለቀቅ መስታወቱንና ኒኬል የመሰለውን ለይተህ አካሉን ብቻ 91 ፐርሰንት አልኮል ውስጥ ዘፍዝፈህ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ። እምቢ ካለ ሱፐር ክሊን የሚባለው ወይንጠጁ ማጽጃ፣ በጓንት፣ ይሄ ላንተ ነው ለልጁ አይደለም፣ ቆዳ ይልጣል። የፍሬን ዘይትም የሚጠቀም አለ፣ ይሠራል፣ እኔ ግን ሽታውና ማጠቡ ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ። አሴቶን ወይም የቀለም ቲነር ግን እንዳታስበው፣ ቀለሙም ፖንቲያኩም አብረው ይሄዳሉ። ቀዩ ከለቀቀ በኋላ ነጩ ፕላስቲክ ሮዝ ሆኖ ቢቀር አትደንግጥ፣ ቀይ ሁሌም ይሰርጋል፣ ከፕራይመሩ በፊት አንድ ዙር ብርማ ቀለም ብትነፋበት ወደላይ እንዳይመጣ ይይዘዋል።

ኒኬል የመሰሉት ክፍሎች ብርሃናቸው ካለ ታጥበው ይቀመጡ፣ አትድከም። ካለቀላቸው በረኪና ውስጥ ክተታቸው፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እልም ይላል፣ ምክንያቱም እላዩ ላይ ያለችው በጣም ስስ አሉሚኒየም ናት። በረኪናውን ግን ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳትደባልቀው፣ በደንብ በውሃ አጥበህ ነው ወደ ሌላው የምትሄደው። ከስሯ ያለችው ቢጫ ቫርኒሽ በወይንጠጁ ማጽጃ ትለቃለች። እንደገና ለማብራት ሞሎቶው የሚባል ክሮም ማርከር አለ፣ ለትንንሹ ይበቃል፣ ለባምፐሩ ግን የሞዴል ክፍል እንደገና ኒኬል የሚያስመስሉ ሰዎች አሉ፣ ለነሱ መላክ ይሻላል።

ካርቶኑ ታች ልቅ ስቲከር ካገኘህ ቢጫ ሆኖ ከሆነ አትጣለው። ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ በስኮች ለጥፈህ ሁለት ሳምንት ተወው፣ ቢጫው ይነጣል። ውሃ ውስጥ ከመክተትህ በፊት ደግሞ የማትፈልጋትን አንዷን ቆርጠህ ሞክር፣ ውሃ ውስጥ ከተበታተነች ሌሎቹን መጀመሪያ ግልጽ ቫርኒሽ ንፋባቸው።

ባጠቃላይ ፖንቲያኩ ላይ ሁለት ሦስት ወር ትቆያለህ፣ ልጁ ሼቭሮሌቱን በሳምንት ይጨርስና "አባዬ አንተ ለምን አልጨረስክም" ይልሃል፣ ይለምድሃል።

ሌላ ፎቶ ስትልክልኝ ፖንቲያኩን ከፊት፣ ከኋላና ከሆዱ አንሳው። የምፈልገው የፊት መስታወቱን የያዙት ሁለቱ ቋሚዎች ተሰብረው እንደሆነ፣ ሁለቱም ባምፐር እንዳሉ፣ ኮፈኑ ደግሞ ለብቻው ይነሳ ወይስ የ1962ቱ ልጅ በማስቲሽ አጣብቆት እንደሆነ ነው። ሲገለበጥ የብረት አክስሉ በሞተሩ መሐል ሰንጥቆ ሲያልፍ ካየህ ልጁ አጥፍቶ አይደለም፣ እሱ ፋብሪካው ራሱ እንደዚያ ነው የሠራው።